ወፎቼን ያስጾምኩበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ፈርቼ ነበር። ሌላው ሰው የልጅነቱን ምሽት ሲያስታውስ ፊቱ ይፈካል፤ እኔ ግን የፋኖስ ጭስ በሸተተኝ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ተራቿ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ስንዱ ነበረች። በሕይወት ሳለች «አንቱ» ካላልኳት ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር፤ አሁን ከሞተች በኋላ «እሷ» እያልኩ ስጽፍ የሚቆነጥጠኝ የለም፤ ይህቺን ያህል ነጻነት ደግሞ አትበዛብኝም።

አሶሳ የገባነው ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። አባቴ አስተማሪ ነበርና አዲሱ መሥሪያ ቤት ሰው ሲፈልግ ከጎጃም አዛወሩት። እናቴ በአራት ዓመቴ ስለሞተች፣ እኔን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል ተብሎ እትዬ ስንዱ አብራን መጣች፤ መጣች ከማለት ተጎትታ መጣች ማለት ይሻላል። ያኔ ከተማው ሁሉ የቀለም ሽታ ነበረው፤ በየበሩ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፣ ትናንት የሰው መኖሪያ የነበረው ቤት ዛሬ ጠረጴዛ ገብቶለት ቢሮ ይባላል፣ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ ፍራሹን ተሸክሞ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ለእኔ ይህ ሁሉ እንደ በዓል ነበር። እሷ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ጠላች፤ ሙቀቱን፣ ወባውን፣ የጎረቤቱን ቋንቋ፣ ከሁሉም በላይ ምስጡን። ምስጥ የሣጥኗን እግር በልቶባታል፣ የጥበብ ቀሚሷን ጠርዝ በልቶባታል። «እዚህ አገር ሦስት ቀን አርፈሽ ከተቀመጥሽ አንቺንም ይበላሻል» ትለኝ ነበር። አባቴ «ኧረ ተይ እህቴ» ይላታል፤ ከዚያ በላይ አይናገራትም።

ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከቀርከሃ አጥሩ ማዶ፣ የአንድ ቢሮ ግቢ ነበር። በግቢው ውስጥ የነበረው አሮጌ ማንጎ ለአዲስ ሕንጻ ቦታ ይለቀቅ ተብሎ ሐምሌ ሃያ ገደማ ተቆረጠ። እኛ ልጆች አወዳደቁን ልናይ ተሰብስበን ነበር። ግንዱ መሬት ሲመታ ውስጡ ጎድጓዳ በሆነበት በኩል ተሰነጠቀ፤ ከውስጡ ገለባና ላባ ተበተነ፤ በገለባው ላይ ሦስት ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይንጫጩ ነበር። እናትና አባታቸው ከላይ ይዞራሉ፤ ፀሐይ ሲያርፍባቸው ሰማያዊና አረንጓዴ የሚያንጸባርቁ፣ ዓይናቸው ብርቱካን የመሰለ ወፎች ናቸው። በሰፈራችን ሞልተዋል፤ እኛ ቤት ግን ስማቸውን የሚያውቅ አልነበረም። ሠራተኞቹ ግንዱን መከትከት ሲጀምሩ ሁለቱ ትልልቆች ሸሹ፤ እስከ ማታ አልተመለሱም። ሦስቱን ጫጩቶች በቀሚሴ ጠቅልዬ ወሰድኳቸው።

የቢሮው ዘበኛ ሼህ ባቢክር የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ የሆሞሻ ሰው፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ አማርኛቸው ወንድና ሴት የሚያምታታ ሽማግሌ። ጫጩቶቹን ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይሄ ዘርዙር ነው» አሉኝ። «ማሳደግ ትችያለሽ? ካልቻልሽ አሁን ተዪው። ቀስ ብሎ መሞት ሀራም ነው።»

እችላለሁ አልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን አልችልም ትላለች?

አስተማሩኝ፤ ሲያስተምሩኝም እየተቆጡ ነበር። ከቀርከሃ ስንጣሪ ጫፉ የለሰለሰ ቀጭን ማጉረሻ ሠሩልኝ። በአፋቸው ውኃ እንዳልጨምር ከለከሉኝ፤ «ውኃ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ይሞታል፤ ምስጥ ራሱ ውኃ አለው» አሉኝ። ከኩይሳው ላይ ምስጥ እየቆፈሩ በቅል ይሰጡኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፌንጣ እይዛለሁ፣ እግርና ክንፉን ነቅዬ አጎርሳለሁ። ጎሕ ሲቀድ ይጀምራሉ፣ እስኪመሽ አያርፉም፤ አንዱ ውጦ ሳይጨርስ ሌላው ይጮኻል። ኩሳቸውን ጨርቃቸው ላይ ሳይቀር እያነሣሁ እጥላለሁ፤ ከሰል ማንደጃው አጠገብ፣ ግን እንዳይግላቸው ክንዴን ዘርግቼ እየለካሁ፣ ቅርጫታቸውን አስቀምጣለሁ። በሳምንቱ ላባ አወጡ። ስም አላወጣሁላቸውም፤ ትልቁ፣ መካከለኛውና ትንሿ ብቻ ነበሩ። ምስጡን የማቆየው በባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነበር፤ ክዳኑ በደንብ አይገጥምም።

ማታ ማታ መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩ በፈለገው ቀን ነው የሚነሣው። እትዬ ስንዱ ፋኖሱን ዝቅ አድርጋ፣ ፍሙን በብረት እየጫረች ትተርት ነበር። ችሎታዋን አልክድም፤ ጅቡ በእሷ አፍ ሲያዛጋ ጥርሱን ቆጥሬዋለሁ። ግን በእሷ ተረት ውስጥ ያጠፋ ልጅ ምሕረት አያገኝም፤ አንዱ ይደነቁራል፣ አንዱ ገደል ይገባል፣ አንዱን ምድር ትውጠዋለች። ስትጨርስ ዓይኔ ውስጥ ትመለከትና «በይ ተኚ» ትለኛለች። ማን ሊተኛ?

የፍልሰታ ዋዜማ አባቴ አልነበረም። በጉባ በኩል ትምህርት ቤት ይከፈታል ተብሎ፣ በዚያ ዝናብ፣ መንገዱ በተቆረጠበት ወር፣ ወንዝ እየተሻገረ ሄዶ ነበር። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነውና እኔም ልጾም ተዘጋጅቼ፣ በዚህም ኮርቼ፣ ወፎቼን ታቅፌ ከፍሙ አጠገብ ተቀምጫለሁ። እትዬ ስንዱ ቅርጫቱን አየት አደረገችና ጀመረች።

«በእኛ አገር አንዲት ልጅ ነበረች። አባቷ መንገደኛ ነው። በፍልሰታ ድመቷ ብታለቅስባት አንጀቷ አልችል አለና ከጓዳ ቋንጣ ሰርቃ ሰጠቻት። የነነዌ ሰዎች በጾሙ ጊዜ በጉም ላሙም ጾሟል፤ በጾም ቤት ያለ እንስሳ ሁሉ ይጾማል፤ ልጅቱ ግን ይህን ናቀች። አባቷ ያን ሰዓት ወንዝ መሐል ነበር። ድመቷ ሥጋውን ስትውጥ፣ ወንዙም አባትየውን ዋጠው።»

ፍሙን ጫር አደረገች። «ምስጥ ነፍስ አለው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አለው።»

«እንግዲህ አንቺው ታውቂያለሽ።»

ከማግሥቱ ጀምሮ ምስጡን ተውኩ። ሼህ ባቢክር ቅሉን ሲያቀብሉኝ «ጾም ነው» አልኳቸው፤ እሳቸው ስለ ራሴ የማወራ መስሏቸው «እሺ፣ ነገ ውሰጂ» ብለው አስቀመጡት። እኔ ለወፎቹ ሽሮ በጠበጥኩ፣ የራሰ እንጀራ አጎረስኩ፣ ድንች ፈጨሁ። መጀመሪያ ዋጡ፤ አፋቸውን ከፍተው የመጣውን ሁሉ ዋጡ። በሁለተኛው ቀን ሆዳቸው ተነፋ፣ ኩሳቸው እንደ ውኃ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ትልቁ አንገቱን ማቅናት አቃተው፤ ከሰዓት በኋላ ሞተ። በማግሥቱ ጠዋት መካከለኛው ደርቆ አገኘሁት። እግዚአብሔር በሥጋ እንዳይፈተኑ ብሎ ነው የወሰዳቸው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አዎ፣ እንዲህ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ሁለቱን በጨርቅ ይዤ ልቀብር ወደ ግቢው ጀርባ ስሄድ ሼህ ባቢክር አዩኝ።

«ምን በላ?» አሉኝ፣ ጨርቁን ገልጠው።

«ሽሮ።»

«ሽሮ?»

«ጾም ስለሆነ ነው። ካልጾሙ አባቴ ወንዝ ይገባል፤ እትዬ ነግራኛለች።»

ጨርቁን መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ድምፃቸው ከፍ አለ። «አንቺ ወፍ ነው ያስጾምሽው? እኔ ረመዳን ይጾማል። ዶሮዬ አይጾምም። ፍየሌ አይጾምም። ወላሂ፣ አላህ ወፍ ጹም አላለም!»

ጨርቁን ከእጄ ነጥቀው ወደ አጥሩ ሄዱ። እትዬ ስንዱ በረንዳው ላይ ቆማ ልብስ ታሰጣ ነበር። ሁለቱ አዛውንቶች ከቀርከሃው ወዲያና ወዲህ ሆነው ተፋጠጡ።

«ወይዘሮ ስንዱ፣ ይሄን እይ! ልጁን ምን አልሽው?»

«ሰውዬ፣ የእርስዎ ሥራ በር መጠበቅ ነው። የእኔን ቤት ጾም እርስዎ አያስተምሩኝም።»

«ጾም አይደለም ይሄ። ይሄ ግድያ ነው!»

«ለወፍ ነው እንዲህ የሚጮኹት? ሰው የሞተ መስሎኝ!» አለችና ቀሪውን ልብስ ሳታሰጣ ገባች።

ሼህ ባቢክር ወደ እኔ ዞሩ። እንዲያባብሉኝ ጠብቄ ነበር። «እሱ አወራ» አሉኝ፣ ጣታቸውን ወደ በረንዳው እየቀሰሩ። «አንቺ ሰማሽ፣ አንቺ ሰጠሽ። ማን ገደለ?» ከጎጇቸው ምስጥ ያለበትን ቅል አውጥተው እግሬ ሥር አስቀመጡና ወደ በራቸው ተመለሱ።

ትንሿ ብቻ ቀርታለች። ቤት ገብቼ ቅርጫቱን ሳይ አትጮኽም፤ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ ክንፏን ጥላ ተቀምጣለች። ያኔ ልቤ ምን ላይ እንደነበረ በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው ይህን ስነግረው ሽማግሌው አሳምነውኝ ከፍርሃቴ የተገላገልኩ ይመስለዋል። አልተገላገልኩም። የእሳቸው ዶሮና ፍየል የእሳቸው ነው፤ የእኛ ቤት የእኛ ነው፤ ተረቱን አምኜ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ቃል። አባቴ የሆነ ቦታ ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ወንዝ ውስጥ እየገባ ይታየኝ ነበር። በዓለም ላይ ያለኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። በአንድ እጄ ወፏን፣ በሌላው ማጉረሻውን ይዤ ከቅርጫቱ አጠገብ ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ አጎረስኳት።

አልዋጠችም ነበር፤ ምንቃሯን በጥፍሬ ከፍቼ ምስጡን ወደ ጉሮሮዋ ገፋሁት። ሁለተኛውን ራሷ ዋጠች። ማታ ላይ አንዴ ጮኸች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዘበኛው ጎጆ ጀርባ እየተደበቅሁ በቀን ሃያ ጊዜ አበላት ነበር፤ ዝናብ ካባራ በኋላ አሸን ሲፈላ በእፍኜ እየዘገንኩ። እኔ ራሴ ጾሜን ጠብቄአለሁ፤ ሽሮዬን እበላለሁ፣ ማታ ማታም የእትዬ ስንዱን ተረት አንገቴን ደፍቼ እሰማለሁ።

አባቴ ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው መጣ። ከስቶ፣ ጫማው ተገንጥሎ፣ ግን ደህና። ሮጣ ትጠመጠምብኛለች ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ከበሩ ኋላ ተደብቄ አልወጣ አልኩ። ሞቶ የመጣ መስሎኝ ነበር። በስንት ልመና ወጣሁ፤ ልብሱን ነካሁት፣ እርጥብ ነው፣ ደግሜ ነካሁት። ያኔም ግን ደስታ አልተሰማኝም፤ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። «ስለቆየሁባት አኩርፋ ነው» አለ ለእህቱ። ሳምንቱን ሙሉ እሱ ካለበት ክፍል እወጣ ነበር፤ ሲያቅፈኝ እደርቃለሁ።

ወፏ በጳጉሜን በረረች። ሁለት ቀን ጣራችን ላይ ተመላለሰች፣ በሦስተኛው ከመሰሎቿ ጋር ተቀላቅላ መለየት አቃተኝ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን የሆነች የነርስ ሚስት ሽሮ ልትበደር መጣች። እትዬ ስንዱ የሽሮውን ዕቃ ስትከፍት ሰማኋት፤ እየሳቀች ነው።

«የዚህች ልጅ ምስጥ ከቆርቆሮዋ እየወጣ ሽሮዬ ውስጥ ገብቶብኝ ነበር እኮ። ብመክር አልሰማ፣ ብቆጣ አልሰማ። በመጨረሻ አንዲት ተረት ፈጠርኩላትና ተገላገልኩ።»

ሴትየዋም ሳቀች። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ። ድመቷም፣ ቋንጣውም፣ ወንዙም ለአንድ ዕቃ ሽሮ ሲባል የተፈጠሩ ነበሩ። ጆሮ ሰምቶ አይሞላም ይላሉ፤ የእኔ ጆሮ ግን በዚያች ቅጽበት ሞላ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብራን ኖረች፤ ማታ ፋኖስ ሲለኮስ እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። «ይቺ ልጅ ደረቅ ሆነች» ትል ነበር። ሆንኩ።

ለቅሶዋ ላይ ሰዉ ሁሉ ጨዋታ አዋቂነቷን አነሣ፤ እንደ እሷ የሚተርት ከእንግዲህ አይገኝም ተባለ። ጠላ እያሳለፍኩ ነበር፤ አንድ እንባ አልወጣኝም። ይቅርታ ለሙታን ነው የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። ውሸት መናገሯን ምናልባት ይቅር እላት ነበር፤ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ይዋሻል። ይቅር የማልላት ሌላ ነገር ነው። አንድ ልጅ ስለ ራሱ ሊያውቀው የማይገባውን እንዳውቅ አደረገችኝ።

አባቴ አሁን አርጅቷል፤ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው። አንዳንድ ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጦ «ከጉባ ስመለስ ያን ሰሞን ለምን ነበር የሸሸሽኝ?» ይለኛል። ልጅ ነበርኩ፣ አላስታውስም እለዋለሁ። እሱም እየሳቀ ያምነኛል። አስታውሳለሁ። የመጀመሪያውን ምስጥ ሳጎርሳት እሱ እንደሚሞት በእርግጠኝነት አውቅ ነበር፤ እጄም አልተንቀጠቀጠም።