ለፎቶ የታጠበች ልጅ

ዛሬ ጠዋት ለጡረታ መታወቂያዬ ጉርድ ፎቶ ልነሳ ሶዶ መሀል ወዳለ ፎቶ ቤት ሄድኩና፣ መስታወቱ ፊት ቆሜ የሌለኝን ጸጉር እያበጠርኩ ወረፋ ጠባቂውን ሁሉ ካሰለቸሁ በኋላ ወንበሩ ላይ ጉብ ስል፣ ፎቶ አንሺዋ ልጅ ሳቋን በመዳፏ አፍና «አባባ፣ ሹራቡ የሴት መሰለኝ፤ ያውልቁት» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በችኮላ የለበስኩት የባለቤቴን ሹራብ ነበር፤ ዓይኔ ደክሞ ነው እንዳልል ደረቱ ላይ የተጠለፉት አበቦች የጥቅል ጎመን ያህላሉ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ። ቁልፎቹን ስፈታ ግን ያቺ «ያውልቁት» ከጆሮዬ አልወጣ አለች፤ ምክንያቱም እኔም አንድ ጊዜ ካሜራ ይዤ ለአንዲት እናት ይህንኑ ብያታለሁ፤ ያን ቀን ደግሞ የሳቀ አልነበረም።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ሠላሳ ያልሞላኝ ጎረምሳ ሆኜ፣ ችግረኛ ልጆችን ከባሕር ማዶ ረጂዎች ጋር በሚያገናኝ ድርጅት እዚሁ ወላይታ፣ ሁምቦ ወረዳ ውስጥ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ስም መጻፍ፣ ወላይትኛውን ለአለቆቼ በአማርኛ ማስረዳትና ፎቶ ማንሳት ነበር። ፎቶው ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ እዚያ ያለ ሰው ከብዙ ፊቶች መሀል አንዱን ይመርጣል፤ የተመረጠው ልጅ ደብተር፣ ዩኒፎርምና ሕክምና ያገኛል፣ ያልተመረጠው ይጠብቃል። እኔም ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሽቅብ ሽቅብ እያየሁ ስሄድ የሁምቦ መንገድ ላይ ያልመታኝ እንቅፋት አልነበረም።

በምዝገባው ቀን ምህረት የምትባል ልጅ እናት ልጇን ይዛ መጣች፤ ባሏን ወባ የወሰደባት፣ በቆሎዋን ድርቅ የበላባት ሴት። የሰባት ዓመቷ ምህረት ደረቷ እያፈናት ስትተነፍስ እንደ ተቀደደ ወናፍ ትጮህ ነበርና፣ ለእናትየዋ መመረጥ ማለት ሐኪም ማለት ነበር። ታዲያ ልጅቷን እንዴት አድርጋ እንዳመጣቻት ብታዩ! ጉድጓዱ ደርቆ አንድ ጀሪካን ውኃ የግማሽ ቀን መንገድ በሚፈጅበት ወራት አጥባታለች፣ ጸጉሯን ቅቤ ቀብታ አበጥራለች፣ ገበያ ዳር ሱቅ ካለው የስልጤ ሰው ላይ ደግሞ ለአንድ ቀን ነጭ ጫማ ተውሳለች። ጫማው ንጹሕ ሆኖ መመለስ ስላለበት ሶሉ አፈር እንዳይነካ ልጅቷን ከቤቷ እስከ ግቢያችን በጀርባዋ አዝላ ነው የመጣችው። ያ የገላ ሳሙና፣ የለጋ ቅቤና የአዲስ ጫማ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ሥር አለ።

ከዋናው ቢሮ የመጣው አስተባባሪያችን ልጅቷን አየና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይቺ ሙሽራ ናት እንዴ? ይሄን አይቶ ማን ያዝናል? አስወልቃት» አለኝ። ፈረንጅ እዚያ አልነበረም፤ በፈረንጅ እንዳላሳብብ። የእኛው ሰው ነው ያዘዘው፣ እኔ ነኝ የታዘዝኩት።

ለእናትየዋ በቋንቋችን ነገርኳት። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላት። ቀጥላ «አንተ ልጅ፣ የማያውቃት ሰው ሊያያት ነው እኮ! በባዶ እግሯ፣ ጸጉሯ ተንጨብርሮ ቢያያት ምን ይለኛል? እናት የላትም ይለኛል» አለችኝ። እኔ ብልጡ ምን መለስኩ መሰላችሁ? «እንግዲህ ካልተመረጠች ደረቷን ማን ያክመዋል?» በልጇ ትንፋሽ አስፈራራኋት! ልጇን ወደ እኔ ገፋ አደረገቻት። ተንበርክኬ የጫማውን ማሰሪያ የፈታሁት በራሴ እጅ ነው፤ የተበጠረውን ጸጉርም የበታተንኩት እኔው ነኝ። ምህረት አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ደርባ አቀርቅራ ቆመች፣ እኔም አነሳኋት፤ አስተባባሪው «እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ትከሻዬን መታ ሲያደርገኝ ደረቴን መንፋቴን አልደብቃችሁም።

ፎቶው ከሁሉ ቀድሞ ተመረጠ። ምህረት ታከመች፣ ደረቷም ዳነ፤ ይህን አልክድም፤ ደሜን የሚያፈላውም ይኸው ነው። ያ ሁሉ እርዳታ ጫማዋን አድርጋ ብትነሳ ምን ይጎድልበት ነበር? ሰውን ለማልበስ መጀመሪያ ማራቆት የሚል ሕግ ከየትኛው መጽሐፍ ተገኘ? በደኅናው ቀን እንግዳ ፊት በንጹሕ ልብስ መቅረብን ያስተማሩንን ሰዎች፣ ጉስቁልናን እንደ ሸቀጥ ፊት ለፊት ደርድሩ አልናቸው። እነሱም ለመዱት፤ በሁለተኛው ዓመት እናቶች ልጆቻቸውን ሳያጥቡ አመጡልን። ያበላሸነው ይህንን ነው፤ ይህን ደግሞ የሚያክም ሐኪም አልመጣም።

በዚያው በምዝገባው ቀን፣ ፎቶው እንደተነሳ፣ የምህረት እናት ጫማውን መልሳ አጠለቀችላት፣ ጸጉሯን በጣቶቿ አስተካከለችና «ያ ለእነሱ ነው፤ አሁን ደግሞ ለእኔ አንሳልኝ» አለችኝ። ፊልሙ አልቆ ነበር። ሌላ ፊልም ቦርሳዬ ውስጥ ነበረኝ፤ ግን አስተባባሪው መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩምባውን ያስጮኻል፣ እኔም ፈሪ ነኝ። ባዶውን ካሜራ ደግኜ ቀጭ አደረግሁት። ምህረት ቀጥ ብላ፣ የሁለት የወለቁ የፊት ጥርሶቿን ክፍተት እያሳየች፣ በሙሉ ፊቷ ስቃ ነበር የቆመችው። ጫማው በዚያው ቀን ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እናትየዋ በገበያ ቀን ባየችኝ ቁጥር «ፎቶው ታጠበ?» ትለኛለች፤ እኔም «አዲስ አበባ ነው፣ ይመጣል» እላለሁ። ውሸቱ ሲያልቅብኝ ከጭነት አህዮች ጀርባ መደበቅ ጀመርኩ፤ ከመልመዴ የተነሳ አህዮቹ ራሳቸው ቦታ ይለቁልኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ዛሬ አስተማሪ የሆነችው ምህረት ሶዶ ቤት ሠርታ ለምረቃው ጸሎት ጠራችኝ። ግድግዳው ላይ ከድርጅቱ የቀን መቁጠሪያ የተቆረጠ አንድ የልጅነት ፎቶ ብቻ ተሰቅሏል፤ ባዶ እግር፣ የተንጨባረረ ጸጉር፣ ያቀረቀረ አንገት። አንዲት እንግዳ ከንፈሯን መጥጣ «ውይ፣ እናት አልነበራትም እንዴ?» ስትል ምህረት ወደ ጓዳ ገባች። ጥግ የተቀመጠችው አሮጊት እናቷ ግን ምርኩዟን አንስታ ወደ እኔ ጠቆመች።

«ያ የእነሱ ነው» አለች። «የእኛ ሌላ አለ፤ በነጭ ጫማ የተነሳችው። እሱ ጋ ነው ያለው።»

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም፣ ስድሳ ዓመት የሞላኝ ሽማግሌ፣ «ይመጣል» አልኩ።