አቧራ ያበራው ሌዘር

ያን ጊዜ ጁባ ታውን ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ እሸጥ ነበር። አምፖል፣ ሶኬት፣ ሽቦ፤ ማንንም የሚያስጨፍር ዕቃ አይደለም። አትላባራ የሚባል ሰፈር ውስጥ አዲስ የጭፈራ ግቢ የከፈተ ሰውዬ ግን ዲጄ ወዳጄን፣ «በዚህ ቅዳሜ ሰዉን ከወንበሩ ካስነሳህልኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራው ያንተ ነው» አለው። ወዳጄ ጋምቤላ በስደት ያደገ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። ስፒከር አለው፤ መብራት የለውም። መብራቱን እኔ ላመጣ፣ ሥራውን ካገኘን አብረን ልንበላ ተስማማን።

አቅማችን ለአንድ ዓይነት መብራት ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ ኤልኢዲ ይሻለናል» አለኝ። «ቀይ ሰማያዊ እያደረገ ሰዉን ራሱን ያሳምረዋል። ማማሩን ያወቀ ሰው ደግሞ አይቀመጥም።»

ልክ ነበር። እኔ ግን አንድ የመብራት ሻጭ ጠባብ ሱቁን ዘግቶ ሌዘር ሲያበራ አይቼ ነበር። አረንጓዴ ክር አየሩን ሲሰነጥቀው ልቤ አብሮ ሄደ። ሰውዬው ሲጋራውን ያለ ማቋረጥ ለምን እንደሚያጨስ አልጠየቅኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጥ ኖሬ እንደ ማንኛውም ገዢ ተሸውጄ ሌዘሩን ገዛሁ።

ቅዳሜ ሲመሽ ሌዘሩን ከሰው ዓይን በላይ ሰቅዬ አበራሁት። ክር የለም! ለካ ሱቁ ውስጥ ክሩን ያሳየኝ የሲጋራው ጭስ ነበር። ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ቅጠል ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ብቻ።

«ጋሼ፣ ዛፉን ኩፍኝ አስያዝከው እኮ!» አለ ወዳጄ።

ሰዉ ቢራውን ይዞ ተቀምጧል። ባለግቢው እጁን አጣምሮ መጣና «ኑር ወይን?» አለኝ። መብራቱ የታለ ማለቱ ነው። ወደ ዛፉ ጠቆምኩት። እሱ ግን የሚያየው እኔን ነበር።

ወዳጄ ላብ በላብ ሆኖ አንድ የአገሩን የዝላይ ዘፈን ለቀቀ። መጀመሪያ ሁለት ሴቶች ተነሱ፤ ከዚያ አንድ ጠረጴዛ በሙሉ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲዘሉ፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ የተረጨው መሬት ተፈረካከሰና ቀዩ አቧራ ተነሳ። ወዲያው ክሮቹ ታዩ! ከመድረኩ እስከ አጥሩ፣ አረንጓዴ ጣሪያ። ሰው ጮኸ። ሊነካው እየተንጠራራ ዘለለ፤ በዘለለ ቁጥር አቧራው ወፈረ፣ በወፈረ ቁጥር ክሩ ደመቀ። የተቀመጠ ሰው አልቀረም።

«ካላስ፣ በቃ!» አለ ባለግቢው፣ ትከሻዬን እየመታ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ኑ!» ዞር ብሎም ሠራተኞቹን ከዛሬ ጀምሮ ውሃ እንዳይረጩ አዘዘ።

ወዳጄ በማይክሮፎኑ እየሳለ ጠራኝ፤ «ጋሼ! ቆመህ ምን ታያለህ? ዝለል እንጂ፣ አቧራው ሊወርድብን ነው!»

ሸሚዜን ሰብስቤ ገባሁበት።