የበሳሁት ካርቶን

ያን ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ሰቆጣ ተመድቤ፣ ሰባተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። አዲስ አበባ የፈተና ወረቀት በማረሚያ መኪና ይታረማል ሲባል ሰምቻለሁ። መኪናውን በዓይኔ አላየሁትም፤ እሱ ግን እኔን ከመፈልሰፍ አላገደኝም።

ከአንድ ነጋዴ ሱቅ የሳሙና ካርቶን ለመንኩ። በጋለ ሚስማር አርባ ቀዳዳ በሳሁት። ባለ አራት ምርጫው የፈተና ወረቀት ላይ ስታስቀምጠው የትክክለኛው መልስ ፊደል ብቻ በቀዳዳው ይታያል። የተከበበ ከሆነ አንድ ነጥብ፣ ካልሆነ ባዶ። ሁለት ጣቴን አቃጠልኩ፣ ሦስት ካርቶን አበላሸሁ። አስተያየት መጻፉም ስለሰለቸኝ በቁጥር አደረግሁት፦ አንድ «ጎበዝ»፣ ሁለት «ጽሑፍህን አስተካክል»፣ ሦስት «ጥያቄውን ደግመህ አንብብ»፣ አራት «ጭራሽ አላጠናህም»። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ለርዕሰ መምህሩም «ካርዱ አይሳሳትም» ብዬ ፎከርኩ።

የዓመቱን መጨረሻ ፈተና ስድሳ ወረቀት በግማሽ ቀን ጨረስኩ። ውጤቱን በሰጠሁ ማግስት ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት በዓመቱ አጋማሽ የመጣው ዲያቆን ተማሪዬ ቢሮ ገባ። ጢሙ ከእኔ ጢም ይበልጣል። ቄሱ አጎቱ «አንድ ዓመት ሞክር፤ ከወደቅህ አገርህ ደሃና ተመልሰህ ዜማህን ትቀጥላለህ» ብለውታል።

«መምህር፣ ባዶ ከአርባ አገኘሁ። አራት ቁጥርም ተጽፎብኛል።»

«ግድግዳው ላይ አንብበው።»

«አንብቤዋለሁ። ግን አጥንቻለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። በየጥያቄው ሦስቱ ፊደሎች ተሰርዘዋል፤ አንዱ ንጹሕ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስሕተቶቹን ሰረዝኳቸው። ብራና ላይ ስንጽፍ የሚሰረዘው የተሳሳተው ነው። ደህናውን ማን ይነካዋል?»

ከንጹሖቹ ትክክል የሆኑትን ቆጠርኩ። ሠላሳ ስድስት። ከክፍሉ አንደኛ! ዓይኑን ጨፍኖ የገመተ እንኳ ጥቂት ያገኛል፤ ባዶ ያገኘበት ሌላ ምክንያት ይኖራል ብዬ አለማሰቤ አበገነኝ። «መልሱን ክበቡ» ብዬም አልጻፍኩም፤ ማን ይጠፋዋል ብዬ።

የውጤቱ ዝርዝር ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሮጥኩ።

«ጌታዬ፣ አንድ ውጤት ይስተካከልልኝ።»

«ካርዱ አይሳሳትም ያልከኝ አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እና ማን ነው የተሳሳተው?»

«እኔው ነኝ።»

«እንግዲያ የሌሎቹንስ በምን አምናለሁ? ስድሳውንም በእጅህ እየው። ዓርብ ዝርዝሩ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።»

ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን እየረገምኩ አረምኩ። ግማሽ ቀን ያተረፈልኝ ካርቶን ሁለት ቀን በላብኝ። አንድ ቀዳዳም ጠምሞ ኖሮ፣ አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ክፍሉ በሙሉ ተበድሏል። ዓርብ ጠዋት ዲያቆኑ ወደ ስምንተኛ ማለፉን በራሴ እጅ፣ ያለ ቁጥር፣ ጽፌ ሰጠሁት።

አነበበውና ዓይኑ ጠረጴዛዬ ላይ ወደተጣለው ካርቶን ሄደ። አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው።

«ጥሩ ወፍራም ነበር፤ ለብራና መጽሐፍ ሽፋን ገበታ ይሆን ነበር» አለ በሐዘን። «መምህር ባይበሱት።»