ለተረፈ ታጨበጭባለች

የጓሮዬን አፈር ለማስመርመር ወረፋ ይዤ፣ ከተከፈተው መስኮት ወዲያ አየኋት። ጣቶቿ ሰማያዊ ናቸው፤ የሽንኩርት ሥር በቀለምና በኮምጣጤ ስትነክር ነው የምትውለው። ሥሩን ተጠግቶ ውሃና ምግብ የሚያቀብለው ፈንገስ ከክር የቀጠነ ስለሆነ፣ ቀለም ካልያዘ በማይክሮስኮፕ እንኳ በቅጡ አይታይም። የእሷ ሥራ ፀረ ተባይ መድኃኒት ይህን ደግ ፈንገስ ይፈጀው እንደሆነ ማጣራት ነው። ስለዚህ ራሷ ታሳድገዋለች፣ ራሷ ትረጨዋለች።

ነጭ ጋዋኗ የታላቅ እህቷን የለበሰች ያስመስላታል። ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባዋለች። የችግኙን አፈር ቆንጥራ፣ አራስ ልትጠይቅ የመጣች አክስት ሕፃኑን እንደምታሸት፣ ዓይኗን ጨፍና ታሸታለች።

"ልጆችሽ እንዴት አደሩ?" አሏት ወለል የሚወለውሉት አሮጊት።

"ያልተረጩት ደህና ናቸው፣ እማማ። የተረጩትን ገና አሁን ልጠይቃቸው ነው።"

ጎንበስ ብላ በማይክሮስኮፑ አየች። ከዚያ ስታጨበጭብ ወረፋ የያዝነው ሁሉ ደነገጥን።

"አንቺ! ዳኛ ያጨበጭባል እንዴ?" አላት ባልደረባዋ እየሳቀ።

"ሲያልቁም ሲተርፉም ያየሁትን ነው የምጽፈው። የማጨበጭበው ግን ለተረፈ ነው።"

ሙቀቱ ሲበረታባት ሻሿን ፈታችው። ፀጉሯ እንደ ጫጩት ላባ ገና ማቆጥቆጡ ነው። አሮጊቷ እጃቸውን ሰደው ዳበስ አደረጉላት።

"እኔንም እኮ ሐኪሞቹ የካንሰር መድኃኒት ረጭተውኝ ነበር፣" አለች እየሳቀች፤ "ይኸው በቀልኩ!"