የረጅሙ ሌሊት ግብዣ

መቀሌ ውስጥ እሁድን የሚያህል ጠላት የለኝም። በሌላው ቀን አስተምራለሁ፣ ደብተር አርማለሁ፣ ከተማሪ ጋር እጨቃጨቃለሁ። እሁድ ግን ከቅዳሴ መልስ በሬን ዘግቼ ደብረ ብርሃን ያሉት እህቶቼ እስኪደውሉ እጠብቃለሁ። አይደውሉም። እኔም ኮርቼ አልደውልም።

በተከራየሁበት ግቢ፣ ከክፍሌ ፊት ለፊት፣ አንድ ቻይናዊ ይኖራል። ስድሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የፋብሪካ መካኒክ ነው። ከሥራ ቦታ በለቃቀማት አማርኛ "ደህና አደርክ፣ መምህር" ይለኛል፤ እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ አልፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ አልዘለልንም። ሁለታችንም ብቸኞች መሆናችንን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቅን የምንመስለው እኛው ብቻ ነን።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ አንድ እሁድ አስር ሰዓት ላይ፣ በሬን አንኳኳ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን አርጥቦ አበጥሯል።

"መምህር፣ ዛሬ ቻይና ትልቅ ቀን። ሌሊት በጣም ረጅም። ዛሬ ሰው ብቻውን አይበላም። ና፣ እንብላ።"

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሰው ከጠራኝ ስንት ጊዜዬ ነው! ግን የእሱ ክፍል በር ክፍት ስለነበር ድስቱ ሲንተከተክ ሰማሁ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነው፤ እዚያ ድስት ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ማን ያውቃል? አሳማ ነው የሚሆነው አልኩ በሆዴ።

"ይቅርታ፣ ጾም ላይ ነኝ" አልኩት።

"ጾም... አውቃለሁ። ይሄ... ጾም..." ቃል ጠፋው። በመዳፎቹ አንድ ነገር እንደማድቦልቦል እያደረገ ሊያሳየኝ ሞከረ።

እኔ ሲጎተጉቱኝ አልወድም። "ለሌላ ጊዜ ይሁን" ብዬ አቋረጥኩትና በሩን ዘጋሁ። ሽሮዬን አሙቄ ብቻዬን በላሁ። ጾሜን በመጠበቄ ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራዬ ልብስ ሲያሰጡ አገኘኋቸው። እሁድን ኩሓ ለቅሶ ላይ ነበር የዋሉት።

"እህ ወደይ፣ ልጄ፣ የቻይናው ምግብ እንዴት ነበር?"

"አልበላሁም እማማ። ጾም አይደል እንዴ?"

"ዋይ አነ! ምኑ ነው የሚያስገድፈው?" እጃቸው ላይ የነበረውን ሸሚዝ መልሰው ሳፋው ውስጥ ጣሉት። "ሳምንቱን ሙሉ ሲጠይቀኝ ነው የከረመው፤ መምህሩ ወተት ይበላል ወይ፣ እንቁላልስ እያለ። ባገሩ የአሳማ ስብ ያስገቡበታል፤ እሱ ላንተ ብሎ ተወው። የተድቦለቦለ የሩዝ ዱቄት ነው፣ ውስጡ ሰሊጥና ስኳር። ሰሊጡን እኔ ራሴ ነኝ የወቀጥኩለት። በዚያን ቀን እሱን የበላ ሰው ዕድሜው አንድ ዓመት ጨመረ ይባላል አለኝ።"

ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ስልኩን ፊቱ ላይ ደግኖ ያወራል። ሲያየኝ ደነገጠ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ወጣት አየችኝና በእንግሊዝኛ "መምህሩ አንተ ነህ?" አለችኝ። ልጁ ናት።

"ትናንት ከአባቴ ጋር ስለበላህ እናመሰግንሃለን። ሳህንህን አሳይቶናል። 'መምህሩ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ነው፣ አሁን ይመጣል' ሲለን ነበር። እናቴ በዚህ ቀን ብቻውን ሊሆን ነው ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ ሳህንህን ካየች በኋላ ነው የተኛችው።"

አባትየው እንግሊዝኛ አይችልም። ግን ምን እንደተባለ ከፊቴ አወቀና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

"በጣም ይጣፍጥ ነበር" አልኳት። "ሁለት ጊዜ አስጨምሬያለሁ።"