የጋሼ ሚክ የእሑድ ጋዜጣ

ባለፈው ቅዳሜ ከምኖርበት ከሜልተን ወደ ከተማ ስሄድ ባቡሩ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጋዜጣቸውን ዘርግተው፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ በክርናቸው እየነኩ ያነባሉ። ደግሞ ዝም ብለው አያነቡም፤ ያጉረመርማሉ። ብቻዬን ሳቅኩ። እንዲህ ከጋዜጣ ጋር ሲጣሉ ያየኋቸው ጋሼ ሚክን ነበር።

ጋሼ ሚክ አየርላንዳዊ ነበሩ። ለትምህርት ወደዚህ አገር እንደመጣሁ፣ እዚሁ ከተማ ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል የተከራየሁት እሳቸው ቤት ነው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅም የላቸውም። «ሚክ በይኝ» ቢሉኝ፣ አባቴን የሚያህሉ ሰው በባዶ ስም መጥራት አፌ እምቢ አለኝ፤ ጋሼ ጨመርኩበት። ትርጉሙን ሲሰሙ ማዕረግ ተሰጠኝ ብለው ለሰው ሁሉ አወሩ።

የአየርላንድ ሰው ጋዜጣ ይወዳል ቢባል አነሰ። ከአገራቸው የሚመጣው የእሑድ ጋዜጣ እኛ ጋ የሚደርሰው ሳምንት ዘግይቶ ነበር። ጋሼ ሚክ «ውሸታም! ዓሣ እንኳን አይጠቀለልበትም» ይሉታል፤ ግን ሻጩ ሱቁን ሳይከፍት ደጁ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ፓት የሚባሉ ያገራቸው ልጅ ያንኑ ጋዜጣ ገዝተው ቤታቸው ያነቡና ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ። ከዚያ ወተት የገባበት ወፍራም ሻይ፣ ቅቤ የተለሰነበት ትኩስ ዳቦ፣ ክርክር! ሚኒስትሩም፣ ጳጳሱም፣ በረኛውም አይቀራቸው። እኔ የመጣሁት ጋዜጣ የመንግሥት ቃል ከሆነበት አገር ነው። አባቴ አንብቦ አጥፎ ያስቀምጠዋል እንጂ ምን ብሎ ይሟገተዋል? እነዚህ ግን ጸሐፊው ጠረጴዛቸው ላይ የተቀመጠ ይመስል ያፋጥጡታል። በእውነት እቀናባቸው ነበር።

በሁለተኛው ክረምቴ የጋሼ ሚክ ዓይን ደከመና እሑድ ጠዋት ማንበቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ከመጨረሻው ገጽ፣ ከስፖርቱ ያስጀምሩኛል፤ እኔን እያረሙ፣ ጸሐፊውን እየሰደቡ እንቀጥላለን። እንግሊዝኛዬ የተፈታው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንድ ቀን፣ «አንቺ ባታነቢልኝ ፓት ሲያወራ አፌን ዘግቼ ልቀመጥ ነበር፤ ያን ቀን ሞትኩ ማለት ነው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አልነበረም።

አንድ ዝናባማ እሑድ ታዲያ፣ ስፖርቱ ገጽ ጥግ ላይ የጆኒን ስም አገኘሁ። ጆኒ አብሯቸው ያደገ፣ አብሯቸው ኳስ የተጫወተ፣ ስሙን ሳያነሱ የማይውሉት ጓደኛቸው ነው። አርፏል ይላል ጋዜጣው። ድምፄ ተቆረጠ። ምነው ሲሉኝ፣ ገጹ አለቀ ብዬ ገለጥኩት። ምን ላድርግ? በእኛ ወግ ዳቦ ለጎረሰ ሰው መርዶ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ቀስ ተብሎ ነው። ለቸርቼ ሰዎች ደውዬ ሰኞ ጠዋት እንዲመጡልኝ ልለምን በልቤ ጨረስኩ። ፓትን ግን ጨርሶ ረስቻቸዋለሁ።

ፓት በር ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ስለ ጆኒ አዝኛለሁ፣ ሚክ» አሉ። ጋሼ ሚክ የት ሰማህ ብለው ጠየቁ፤ ከጋዜጣው፣ ከመጨረሻው ገጽ አሉ ፓት። ጋሼ ሚክ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ፓት ነገሩ ገብቷቸው ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

«ጋዜጣው ለመዋሸት የአንቺ እርዳታ አያስፈልገውም» አሉኝ፤ አልጮሁም። «እንዳለ የማታነቢልኝ ከሆነ ይቅርብኝ።»

እየተንተባተብኩ ስለ መርዶ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ማንን ልትሰበስቢልኝ ነበር?»

«የቸርቼን ሰዎች።»

«ጆኒን ያውቁታል?»

«አያውቁትም። ግን ይመጣሉ።»

እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየዳሰሰ ጋዜጣውን አገኘና ወደ እኔ ገፋው። «እነሱም ይምጡ» አሉ። «አንቺ ግን አሁኑኑ አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል። በግራ እግሩ የታወቀ ተጫዋች ነበር የሚለው ላይ ስደርስ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። «ቀኙ ነው! ግራውማ በር ለመዝጋት እንኳን አይጠቅመውም ነበር። ውሸታሞች!» እያለቀሱ ሰደቧቸው፣ እየሰደቡ አለቀሱ፣ እኔም አብሬ። እንደዚያን ቀን የወደድኳቸው ጊዜ የለም። ሰኞ ጠዋት መጋቢያችንና ሰዎቹ ምግብ ይዘው መጡ፤ ጋሼ ሚክም ስለ ቀኝ እግሩ ለሁሉም በየተራ አስረዱ።

ዛሬ የእኔም ዓይን ትንንሽ ፊደል አልችል ብሏል። ካገር ቤት የሚላክልኝን መልእክት የምታነብልኝ ልጄ ናት። አምና አንዱን እያነበበችልኝ መሃል ላይ ዝም አለች። ምነው ስላት «ናቲንግ፣ ማሚ» ብላ ስልኩን ወደ ኪሷ። እጇን ያዝኩት። አሳዘነችኝ፤ ከምን እንደምትጠብቀኝ ገብቶኛል።

«እንዳለ አንብቢልኝ» አልኳት።

ታላቅ እህቴ አርፋ ነው። ልጄ ቃል በቃል፣ እያለቀሰች አነበበችልኝ። በማግስቱ ማለዳ የቸርቼ ሰዎች ሊያረዱኝ ሲመጡ፣ የመጡበትን አውቄ፣ በሩን ራሴ ከፈትኩላቸው።