ሐሬን ያዳወሩልኝ ጋሼ

በምሠራበት የሽመና ቤት ወንድ ይሸምናል፣ ሴት ትፈትላለች። ካልፈተለች ታዳውራለች፤ ቀሰም በሚባል የሸምበቆ ቁራጭ ላይ ክር እየጠቀለለች ለሸማኔው ታቀብላለች። ማን እንዲህ ብሎ እንደደነገገው አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝ ሲል እዚህ ገባሁ። የካ ተራራ ሥር፣ ቆርቆሮው ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል በሚረግፍበት ግቢ፣ ግድግዳ ተደግፌ ሳዳውር እውል ነበር። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ጠልቼው ነበር። ቁጭ ብዬ ለሌላ ሰው ሥራ ማቀበል አልችልበትም።

ከዚያ ከታይላንድ የሐር ሽመና የምታስተምር ሴት መጣች። እናቴን የምታክል፣ አጭር፣ ሳቂታ ናት። የሰፈሩ ልጆች “ቻይና! ቻይና!” ሲሏት ቆም ብላ “ታይላንድ!” ትላቸዋለች፤ ሲቆይ “ታይላንድ! ታይላንድ!” እያሉ ይከተሏት ጀመር። አማርኛ የለቀመችው ሚኒባስ ውስጥ ስለሆነ፣ ሥራ አቁሙ ማለት ስትፈልግ “ወራጅ አለ!” ትለናለች። እኛም እናቆማለን።

የመጣች ቀን ሸማኔዎቹ ተሰልፈው ሲጠብቋት፣ እሷ አልፋቸው መጥታ እኛ ሴቶቹ ፊት ቆመች። እንግሊዝኛዋን የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ፤ የሷም የኔም ስብርብር ስለሆነ እንግባባለን። “ሸማኔዎቹ እናንተ ናችሁ አይደል?” አለች። በሷ አገር ሐር የምትሸምነው ሴት ናት፣ ልጅ ከእናቷ እያየች። ይህን ስናገር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቁት ጋሼ ብቻ ነበሩ። ጋሼ ከሸማኔዎቻችን ሁሉ ትልቁ ናቸው፤ ለሳቸው ጥለት ሰው ከሲ.ኤም.ሲ ድረስ ይመጣል።

“ሴት ልጅ እግሯን ጉድጓድ ውስጥ ከታ ልትሸምን!” አሉ።

“የሷ መሸመኛ ጉድጓድ የለውም ጋሼ። አናጢው ከፍ አድርጎ እየሠራው ነው።”

“አንቺን ማን ጠየቀሽ?”

“ማንም። ዝም ብል ማን ይነግርዎታል?”

መማር እንደምፈልግ የገባት አለቃችን ጭቅጭቁን ቆረጠችው። “የሐር መሸመኛው አንድ ነው” አለችኝ። “መምህሯ ሳትሄድ ደህና ሻርፕ ካወጣሽ ያንቺ ይሆናል። ካልሆነ ለጋሼ ሰጥቼ አንቺ ወደ ማዳወርሽ።”

የነሱ ጥበብ እንደኛ ጥለት አይደለም። እኛ ጥለቱን የምናወጣው ስንሸምን ነው። እነሱ ግን ገና ክር እያለ፣ ሳይነከር በፊት፣ ማጉን፣ በአግድም የሚገባውን ክር፣ ቦታ ቦታውን ጠበቅ አድርገው ያስሩታል። የታሰረው ቀለም ስለማይገባው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ሲሸመን ነጩ ከነጩ እየተጋጠመ ሥዕል ይሆናል። የኔ ሥዕል የዓይን ቅርጽ ነበር። ያሰርነው ከማዳበሪያ ከረጢት በተተረተረ ክር ነው። ቋጠሮውን በጥርሴ ስፈታ ውዬ ከንፈሬ ሰማያዊ ሆኖ ቤት ብገባ እናቴ “ምን በላሽ?” ብላ ልትሞት ነበር።

ታዲያ እያንዳንዱ ቀሰም ተራ አለው። ተራው ከተዛባ ዓይኑ ይፈርሳል። ስለዚህ መምህሯ “ቀስ፣ ቀስ” እያለች ያዳወርኩትን በተራው ገመድ ላይ ታሰካኝ ነበር። የኛ ጥጥ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ቀሰሙን ቅርጫት ውስጥ እንወረውራለን፣ ሸማኔው እጁ የገባለትን ያነሳል።

ጋሼ ከሩቅ ያዩኛል። አንድ ቀን በአጠገቤ ሲያልፉ የሸመንኩትን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና “ማግ አመታትሽ ደህና ነው” ብለው ሄዱ። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

በማግስቱ ከየካ አባዶ መገናኛ ለመድረስ ዝናቡም ሰልፉም አብረው አሴሩብኝ። አርፍጄ ስገባ ጋሼ በኔ ቦታ ተቀምጠዋል። ግድግዳውን ተደግፈው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ በወንዶቹ ሁሉ ፊት እያዳወሩ! ትልቁ ሸማኔ!

“ነይ የኔ ልጅ፣ ጨረስኩልሽ” አሉኝ። “ሴትዮዋ መሄጃዋ ደርሷል፣ ጊዜ እንዳያጥርሽ ብዬ ነው።” ቅርጫቱን ገፋ አደረጉልኝ። ገመድ ላይ የነበሩትም ወልቀው፣ አዲሶቹም ተጨምረው፣ ሁሉም ተደበላልቀዋል።

“ጋሼ! ገደሉኝ!”

“ምን አጠፋሁ?”

ነገርኳቸው። እጃቸው ራሳቸው ላይ ወጣ። “ማግ ደግሞ ተራ አለው እንዴ?” አሉ፣ ቀስ ብለው። ልጮህ የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት። ለኔ ብለው የማያደርጉትን አድርገዋል።

መምህሯ ገብታ ቅርጫቱን ስታይ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ከአንዱ ቀሰም ጫፉን ስባ ዘረጋችና ነጩ የት የት እንዳረፈ አሳየችን። “ወራጅ አለ” አለችና ጥላን ወጣች።

ከጋሼ ጋር ተንበረከክን። እሳቸው ይስባሉ፣ እኔ ነጩን ከሥዕሉ ጋር አስተያያለሁ።

“ይሄኛው ከዚያ ይሰፋል” ይላሉ።

“አይሰፋም።”

“ይሰፋል አልኩሽ! ዓይንሽን ጥረጊ!”

“እሺ፣ ይሰፋል።” ደግሞ ይሰፋል።

ወንዶቹ መጀመሪያ አሾፉብን፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ከጀርባችን ቆመው “ያኛው ነው፣ ያኛው” ይሉን ጀመር። ተራው ተገኘ አልን፤ እኔም መሸመኛው ላይ ወጣሁ።

መምህሯ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ ሻርፑ አልቆ ከመሸመኛው ወርዶ ነበር። አለቃችን መስኮቱ ጋ ወስዳ ገለጠችው። ዓይኖቹ ተከታትለው ተከፍተዋል፤ መሀል ላይ አንዱ ብቻ ጎኑ ተሰብሯል።

“ይሄ ምንድነው?” አለችኝ።

“እሱ የኔ ነው” አሉ ጋሼ፣ አፌን ሳልከፍት። “የቀረው በሙሉ የሷ ነው። መሸመኛውን ስጫት።”

“ማን ያዳውርላታል?”

“እኔ አለሁ።”

“ኧረ ጋሼ!” አልኩ። “እርስዎ ካዳወሩልኝማ አለቀልኝ!”

ቤቱ ሳቀ። ለመምህሯ ስተረጉምላት ይዛ አቀፈችኝ፤ አለቃችንም እየሳቀች “በቃ፣ ያንቺ ነው” አለች። አመስግኚ ቢሉኝ ከማን እንደምጀምር እስካሁን አላውቅም።

ጋሼ ግን አልሳቁም። ግድግዳው ሥር ሄደው ተቀመጡና ባዶ ቀሰም አነሱ።

“እንግዲያው አሳዪኛ” አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ የመጀመሪያውን ክር አስያዝኳቸው።